የጉልበት ኪኒን ስሰጥ የኖርኩባቸው ዓመታት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ኬክ አስቆርሰውኝ፣ ጋቢም ካለበሱኝ በኋላ አንዲት ወጣት ፋርማሲስት «ሲስተር፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ የማይረሱት በሽተኛ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ያየኛል። የሚያስቅ ወይም የሚያኮራ ነገር እንደሚጠብቁ ስለገባኝ «ብዙ ናቸው፤ የቱን ልንገራችሁ» ብዬ አለፍኩት። ብዙ አልነበሩም። አንድ ሰው ነበሩ። ስለ እሳቸው ለማውራት ግን ኬክ የተቆረሰበት ቦታ አልተመቸኝም፤ እዚህ ልጻፈው።

ሲስተር ቢሉኝም ነርስ አይደለሁም። የፋርማሲ ቴክኒሽያን ነኝ፤ በድሮው አጠራር ድራጊስት። ኮልፌ ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፤ ወንድ ከሆነ ደግሞ ዶክተር። መጀመሪያ ላይ አስተካክል ነበር፣ በኋላ ተውኩት።

የመጀመሪያ ምድቤ በጅማ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበር። ኃላፊያችን ጥብቅ ሰው ነበር፤ ለእሱ ጥሩ ሠራተኛ ማለት መዝገቡ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ሰው ነው። እዚያ የተማርኩት የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ፣ መድኃኒት ሳይበላሽ ማስቀመጥ፣ ኪኒን በወረቀት አሳምሮ መጠቅለል ነው። ከበሽተኛ ጋር መነጋገር አልተማርኩም። መድኃኒት የምሰጥባት መስኮት ጠባብ ስለነበረች የሚታየኝ የሰው እጅ ብቻ ነው። ወረቀት ይገባል፣ መድኃኒት ይወጣል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራሁ፤ ጥፋት አጥፍቼ ከሆነም አላወቅሁትም፤ ያቺ መስኮት ማወቅ አታስችልም ነበር።

ከዚያ ዝውውር አግኝቼ ኮልፌ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ መጣሁ። የመድኃኒት ክፍሉን የሚመሩት ጋሽ ተካልኝ ነበሩ። በወጣትነታቸው ጦር ሠራዊት ውስጥ ድሬሰር ሆነው ቁስል ሲያስሩ የኖሩ፣ ኋላ ፋርማሲ የተማሩ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ገና በደረስኩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ገረመኝ። እሳቸው መስኮቱ ላይ አይቀመጡም። በሩን ከፍተው ይወጣሉ፣ በሽተኛው አግዳሚው ላይ ከተቀመጠበት አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ያናግሩታል።

«ለምንድን ነው የሚወጡት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሲራመድ ለማየት» አሉኝ። «የሰው አካሄድ ማዘዣው ላይ አይጻፍም።»

በዚያ ሰፈር ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ጉልበቱን፣ ወገቡን ወይም ጣቱን የሚያመው ነው። ሸክም የሚሸከም አለ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሸጥ አለ፣ ቁጢጥ ብሎ የሚያጥብ አለ። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ዓይነት ነው፤ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን። ብዙዎቹ በስም አይጠሩትም። «ያቺን ቢጫዋን»፣ «ያቺን የጉልበቷን» ይላሉ። እውነትም እብጠት ታበርዳለች፣ ቁርጥማት ታስታግሳለች። በልክና ለአጭር ጊዜ ለሚወስዳት፣ ሌላ ሕመም ለሌለበት ሰው ጥሩ መድኃኒት ናት።

አንዲት ልብስ አጣቢ ትዝ ትለኛለች። «ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይሉኛል» ብላ መጣች። ጋሽ ተካልኝ ጣቶቿን አላዩም፤ እግሯን አዩ። የነጠላ ጫማዋ ማሰሪያ እግሯ ላይ ሰርጎ ገብቷል።

«ቢጫዋን ኪኒን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትወስጂው?»

«ከጥምቀት ወዲህ ነው።» ጊዜው ሰኔ ነበር።

«ማን አዘዘልሽ?»

«ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ። እሷን አሽሏታል።»

«የግፊት መድኃኒት አለሽ?»

«አለኝ፤ ግን ግፊቴ አልወርድ አለ። ሐኪሙ እንደውም መጠኑን ጨመረልኝ።»

ጋሽ ተካልኝ ቀስ ብለው አስረዷት። የጉልበቷ ኪኒን ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ እንደምትይዝ፣ ኩላሊትን እንደምታደክም፣ አንዱ መድኃኒት ግፊቱን ሲያወርድ ሌላው መልሶ እንደሚያወጣው ነገሯት። ለሐኪሙም አጭር ማስታወሻ ጽፈው መልሰው ላኳት። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻውን ለወጠላት። ከሳምንታት በኋላ ስትመጣ እብጠቱ ጎድሎ ጫማዋ ሰፍቷት ነበር። ለግፊቷ የተጨመረው መድኃኒትም ተቀነሰላት።

የዚያን ቀን ጋሽ ተካልኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ይቺ መድኃኒት ሕመሙን ዝም ታሰኘዋለች። ሕመሙ ዝም ሲል ሰውየውም መናገር ያቆማል። ስለዚህ ሳትሰጪው አናግሪው።»

የማናገሪያ መንገድ ነበራቸው። «ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። «ዛሬ ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ በአፍዎ የገባውን ሁሉ ይንገሩኝ» ነው የሚሉት። ከዚያ ዝም ይላሉ። ሰውየው ሻይ ይላል፣ ዳቦ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ «ያቺ የስኳሯ ኪኒን» ይላል፣ ሌላ ትንሽ ቆይቶ «ከሱቅ የገዛኋት የራስ ምታት» ይላል። ጋሽ ተካልኝ አያቋርጡም። ስለ ጨጓራው ይጠይቃሉ፣ ስለ አስም ይጠይቃሉ፣ ሴቲቱ ወጣት ከሆነች ስለ እርግዝና ይጠይቃሉ። ለጀማሪ ከአምስት ቀን በላይ የሚሆን አይሰጡም። «በአምስት ቀን ካልተሻለው የሚያስፈልገው ሐኪም ነው» ይላሉ። በመጨረሻ በሽተኛው አወሳሰዱን በራሱ አፍ መልሶ እንዲነግራቸው ያደርጋሉ። ተሳስቶ ቢነግራቸው አይቆጡም፤ እንደገና ይጀምራሉ።

ሰባት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔም ብዙ አልቆየሁም፤ የተሻለ ደመወዝ ስላገኘሁ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ገባሁ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አቶ ግርማ ክፉ ሰው አልነበረም። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መደርደሪያው ላይ አያሳድርም፣ ሠራተኛ አይሰድብም። አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቀዋል፤ ሰልፍ። ከሚኒባስ ወርዶ የሚገባው ሰው ስለሚቸኩል፣ ሰልፍ ካየ ወደሚቀጥለው መድኃኒት ቤት ይሄዳል። «ሲስተር፣ ሰውን አታቁሚብኝ» ይለኛል። ያ የጋሽ ተካልኝ ረጅም ጥያቄ ቀስ በቀስ አጠረ። መጀመሪያ ዝምታው ቀረ። ቀጥሎ ስለ ጨጓራና ስለ አስም የሚጠየቀው ቀረ። በመጨረሻ «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብቻ ቀረ። ማንም አላስገደደኝም። አጠር ሲል ሥራው ቀለለኝ።

አቶ ወልዴን የማውቃቸው በሰፈር ነው። አጠና ይሸጣሉ። ስልሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ኮልፌ ቤት ሠርተው ልጆች ያሳደጉ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሰው ናቸው። በሁዳዴ ጾም መካከል አንድ ጠዋት ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። ከኋላቸው አምስት ስድስት ሰው ተሰልፏል።

«ልጄ፣ ያቺን ቢጫዋን ስጪኝ። ጉልበቴ አላስቆም አለኝ።»

«ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ አባባ?»

«የለም።»

«ከምግብ በኋላ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ» አልኳቸው። ሃያ ፍሬ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። አካሄዳቸውን አላየሁም፤ ቀጣዩ ሰው ወረቀቱን ዘርግቶልኝ ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ። «ያቺ ኪኒን እጇ ይባረክ» አሉኝ። አሥር ጨመርኩላቸው። የዚያን ጊዜ የጠየቅኋቸው ነገር የለም።

ሳምንት ሳይሞላ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ፌስታል ይዛ ገባች። አንድ ሰው እየተስተናገደ ነበር፤ አልጠበቀችም። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ከዚህ ውስጥ የሰጠሽው የቱን ነው?» አለችኝ።

ቢጫውን እሽግ አነሣሁ። ከሥሩ ሌላ ትንሽ የኪኒን ጠርሙስ አለች። አስፕሪን ናት፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው በየቀኑ የምትታዘዘው ትንሿ። ካየኋት በኋላ ሌላ ነገር መጠየቅ አላስፈለገኝም፣ ግን ጠየቅኩ።

«ምን ሆኑ?»

«ሱቁ ላይ ወደቀ። ደም አስታወከው። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር፤ አፍሮ አልነገረኝም። ሆስፒታል ነው ያለው፣ ደም እየሰጡት ነው።»

«ከምግብ በኋላ ብያቸው ነበር» አልኩ። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው። ዛሬም ይቆጨኛል።

«ጾም ነው» አለች። «የሚበላው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጠዋት ስትይው ጠዋት ማለዳ በጠበል ይውጣታል።»

«ይቺንስ አስፕሪን ለምን አልነገሩኝም? መድኃኒት የለም አሉኝ እኮ።»

«ይቺ የልቡ ናት» አለች። «ስድስት ዓመት የዋጣት ናት። መድኃኒት አይላትም።»

ፌስታሏን ይዛ ወጣች። አቶ ግርማ ከውስጥ ሰምቶ ነበር። «ያለ ማዘዣ መስጠታችንን ለሰው እንዳታወሪ» አለኝ።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ሳንሱሲ ወደሚኖሩት ጋሽ ተካልኝ ሄድኩ። አጥር ግቢያቸው ውስጥ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር።

«ጠየቅሻቸው?» አሉኝ።

«ጠይቄያለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

ነገርኳቸው።

«እሱ ጥያቄ አይደለም፤ የለም በለኝ ማለት ነው» አሉ። «የልብ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ያቺ ኪኒን ራሷ አትመከርም። አስፕሪን ያደማል፣ ያቺም ታደማለች፤ ሁለቱ ባንድ ሆድ ሲገናኙ በዚያ ዕድሜ ጨጓራ አይችላቸውም። ምግቡንም ብዙ አትመኪበት። ከማቃጠል ያድን ይሆናል እንጂ ከመድማት አያድንም። ግድ ከሆነ ሐኪሙ ጨጓራ የሚጠብቅ መድኃኒት አብሮ ያዝዛል። ይኼን ሁሉ ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ሂጂና ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ያደረግሽውን። ያላደረግሽውንም።»

አቶ ወልዴ ከሆስፒታል እስኪወጡ ጠበቅሁ። ይድናሉ ወይ የሚለውን ሳላውቅ ያለፉት ቀናት ረጅም ነበሩ፤ ስለ እነሱ ብዙ የምጽፈው የለኝም። እሳቸው ቤት በገቡ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ሳሎን ውስጥ መደብ ላይ ጋደም ብለዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ከንፈራቸው ነጥቷል። ወይዘሮ አስካለ ግቢ ብላኛለች እንጂ ተቀመጪ አላለችኝም። ቆሜ ተናገርኩ።

«አባባ፣ ያን ቀን ሰልፍ ስለነበረ አልጠየቅኩዎትም። ስለ ልብዎ አልጠየቅኩም፣ ስለ ጨጓራዎ አልጠየቅኩም፣ እየጾሙ እንደሆነ እያወቅሁ በስንት ሰዓት እንደሚበሉ አልጠየቅኩም። ሰገራዎ ከጠቆረ ያቁሙና ሐኪም ጋ ይሂዱ ብዬም አልነገርኩዎትም። ብጠይቅ ኖሮ ኪኒኗን አልሰጥዎትም ነበር።»

አቶ ወልዴ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው አወዛወዙ። «ተይው ልጄ። እኔም አልነገርኩሽም። ሲብስብኝ ደግሞ ሁለት ሁለት አድርጌያታለሁ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።»

«አይደለም» አለች ወይዘሮ አስካለ። ወደ እኔ ዞረች። «መጠየቅ የማን ሥራ ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያው ለሱ አታካፍዪው።»

ተሰናብቼ ወጣሁ። እሷ እስከ በሩም አልሸኘችኝም።

አቶ ወልዴ ዳኑ፤ ጉልበታቸው ግን እንደ በፊቱ አልተመለሰም። አጠናውን ለልጃቸው ተዉለት። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል። ወይዘሮ አስካለ መንገዱን ትሻገራለች።

ሥራ ስመለስ ለአቶ ግርማ «የሕመም ማስታገሻ የሚገዛ ሰው ካሁን በኋላ ተቀምጦ ነው የሚያናግረኝ፤ ማዘዣ የሚያስፈልገውንም ያለ ማዘዣ አልሰጥም» አልኩት። «ደንበኛ ይሸሻል» አለኝ። «እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት። ሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው ቀን ከግድግዳው ጋር ጠባብ አግዳሚ አሠርቶ አስገባ። የተናደደ ደንበኛ ነበረ፤ «ምርመራ ነው እንዴ?» ብሎ ወደ ጎረቤት መድኃኒት ቤት የሄደ ነበረ። ያንን መከልከል አልችልም። የቆየው ሰው ግን ሲያወራ ብዙ ነገር ይወጣል። ዳይክሎፌናክ ከእኛ፣ አይቡፕሮፌን ከሌላ ቤት ገዝቶ ሁለቱንም ባንድ ቀን የሚውጥ ስንቱን አገኘሁ። ሰውየው የተለያየ መድኃኒት ነው ብሎ ያስባል፤ ቀለማቸው ይለያያላ። በጾም ወቅት የሚመጣውን ደግሞ ማዕዱ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቄ፣ የኪኒኑን ሰዓት በዚያ እቆርጥ ነበር። ለአንዳንዱ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ለአንዳንዱ የሚቀባው ይሻለዋል። አንዳንዱን ምንም ሳልሸጥለት ወደ ሐኪም እልከዋለሁ።

አራት ዓመት አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ ቆመች። ዱላ ይዛለች። እኔ መሆኔን አይታ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ጉልበቴን ነው» አለች።

ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ረጅም ሰዓት አወራን። ሁለት ዓመት የግፊት መድኃኒት ስትወስድ ቆይታለች፤ በቅርቡም ሐኪሙ ኩላሊቷ መጠነኛ ድካም እንዳለበት ነግሯታል። ጎረቤቶቿ ሁሉ ቢጫዋን ውሰጂ ይሏታል።

«ቢጫዋን አልሰጥሽም» አልኳት። «ሌላም ቢሰጥሽ አትውሰጂ። ግፊትሽን ታወጣዋለች፣ ኩላሊትሽን ትጎዳዋለች። ለጊዜው ፓራሲታሞል በልኩ ውሰጂ፤ ልኩን እጽፍልሻለሁ፣ ከዚያ እንዳታሳልፊ። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አትቀመጪ። መራመድሽን አትተዪ፣ ጥቂት በጥቂት። ግፊትሽን ለሚያየው ሐኪም ደግሞ ጉልበትሽንም ንገሪው።»

መልሳ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። አንድም ሳታዛንፍ ነገረችኝ። ከዚያ ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመች።

«እሱም እንዲህ ተቀምጦ ቢነገረው ኖሮ ይሰማ ነበር» አለች።

«አዎ፣ ይሰሙ ነበር» አልኳት።

ፓራሲታሞሏን ቋጥራ ተነሣች። በሩ ድረስ ሸኘኋት። ደህና ዋይ አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት በዕድሜ የገፋች፣ ከዚያ በፊት አይቻት የማላውቅ ሴት ወገቧን ይዛ ገባች። ከመደርደሪያው ፊት ቆማ ዙሪያዋን አየች።

«እዚህ ተቀምጣ የምታናግር ሴት አለች ብላ ነው አስካለ የላከችኝ» አለች። «አንቺ ነሽ?»